በላምበርት ስኪ ያልተፈተንኩበት ምክንያት

ለተከበሩ አማቴ፣

ሰላምታዬ በደጃፍዎ ገብቶ፣ ከምድጃው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጤናዎን ይጠይቅልኝ። ሳሉ ተወዎት ወይ? ወገብዎስ እንዴት ነው? ያቺ ግንባረ ነጭ ላም በሰላም ወለደች ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ በጎ ነኝ። ቀኝ ጉልበቴ ትንሽ አብጦ ነበር፤ አሁን ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው የሚያስታውሰኝ።

በስልክ መደማመጥ ስላቃተን ይህን እጽፋለሁ። ደግሞ እኔ በአፌ ከምናገረው በእጄ የምጽፈው እንደሚሻል እርስዎም ያውቃሉ።

ጎረቤትዎ ኖትቡርጋ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤትዎ ጎራ ብላ፣ «ምራትሽ እኮ የላምበርትን ስኪ ጥላ በሌላ ተፈተነች» ብላ እንደነገረችዎት ሰማሁ። እርስዎም ባልዲውን አንስተው ወደ በረት ገቡ አሉ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እነዚያን የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዎች ከሰገነት አውርደው፣ በገዛ እጅዎ ሰም ቀብተው ሲሰጡኝ «በእሱ ስኪ ካለፍሽ እሱም በቤቱ እንዳለ እቆጥረዋለሁ» ያሉኝን አልረሳሁም። ስለዚህ ነገሩን ከኖትቡርጋ ሳይሆን ከእኔ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።

የስኪ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ያለኝን ነግሬዎታለሁ፤ የአስተማሪነቱን ወረቀት ካመጣሁ የሕፃናቱ ክፍል ዘንድሮ የእኔ ነው፤ ካላመጣሁ ደግሞ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ተራራው ላይ ባለው የእንግዶች ማረፊያ ቤት ሾርባ ሳማስል ኖሬያለሁ። አስተማሪዎቹ ምሳ ሲበሉ የሚያወሩትን ሳህን እያነሳሁ ሰማሁ፣ እንግዶች አግዳሚው ላይ ጥለው የሄዱትን መጽሔት ድንች እየላጥኩ አነበብኩ፤ ትምህርቴ ይኸው ነው። ሌላ በር የሚከፈትልኝ ዕድሜ ላይ አይደለሁም።

የዝግጅቱ ሳምንት መጀመሪያ ቀን የላምበርትን ስኪ ይዤ ሄድኩ። አቁሜ ስይዘው ከራሴ በላይ ይሄዳል። ቬንዴሊን የሚባል በስኪ የሚወዳደር ልጅ፣ አባቱ የታችኛው መንደር ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ አየኝና «እትዬ፣ ይሄ ስኪ ተሳፋሪም ይጭናል እንዴ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ፈተናው ግን ልጆቹ እንዳሰቡት አልነበረም። በእኛ ሸለቆ ፈተና ሲባል ሁሉም የሚመስለው ማን ቀድሞ ታች ደረሰ ነው። ስለዚህ የውድድር ስኪውን ይዞ ይመጣል፣ ጠንካራውን፣ እንደ ምላጭ የተሳለውን። ፈታኟ ዋልትራውድ ግን በዝግጅቱም መጀመሪያ የጠየቀችን ማረሻ የሚባለውን አወራረድ ነው። የስኪውን አፍንጫ አቀራርቦ፣ ኋላውን ከፍቶ፣ የአራት ዓመት ልጅ ከኋላ ሊከተል በሚችልበት ዝግታ መታጠፍ። «ልጁን እየጠበቃችሁ ነው የምትወርዱት ወይስ እየሸሻችሁት?» ትላለች። ቬንዴሊን ሦስት ጊዜ የስኪው ጠርዝ በረዶውን ነክሶበት ተንከባለለ።

እኔም ወደቅሁ። የላምበርት ስኪ ዝግታ አያውቅም። ለፍጥነት ተሠርቶ፣ በፍጥነት አርጅቷል። ስታጠፍ ቀኙ በራሱ መንገድ ሄደ፤ እኔ ወደ ግራ፣ እግሬ ወደ ቀኝ። ማሰሪያው ተከፍቶ እግሬን መልቀቅ ነበረበት፤ አልለቀቀም። ላምበርት ስፕሪንጉን እስከ መጨረሻው ያጠብቀው እንደነበር እርስዎም ያስታውሳሉ። «የሚያላላ ፈሪ ነው» ይል ነበር። የጠበቀው ለእሱ ክብደትና ለእሱ ድፍረት ነው እንጂ እንደ ኤሊ እየተጓዘች ለምትወድቅ ሴት አይደለም። ጉልበቴ ሲጠመዘዝ ድምፁን ሰማሁት።

ዋልትራውድ መጥታ ጎንበስ ብላ አነሳችኝ። የማን ስኪ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የባለቤቴ አልኳት። «እና የሚፈተነው እሱ ነው ወይስ አንቺ?» አለችኝ። በክፋት አይደለም። ጥያቄው ግን እስከ ማታ ድረስ ከእኔ ጋር ነበር።

በማግስቱ ከትምህርቱ በኋላ ስኪ ሻጩ ኮርቢኒያን ሱቅ ሄድኩ። የመጀመሪያ ሐሳቤ፣ እመኑኝ፣ ስኪውን መቀየር አልነበረም፤ ማሰሪያውን ብቻ እንዲያላላልኝ ነበር። ገልብጦ አየውና ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው። «ይሄን ማሰሪያ የሠራው ፋብሪካ ራሱ አሁን አላውቀውም ነው የሚለው። ባላላውም መቼ እንደሚከፈት እሱም እኔም አናውቅም። አልነካውም፣ ላንቺም አልመክርም» አለ። ለመንኩት። «የላምበርት ጓደኛ ነኝ፤ ለዚህ ነው የማልነካው» አለኝ።

ከዚያ ሌላ ስኪ አወረደልኝ። አንዱ የውድድር ነበር፤ ወገቡ ቀጭን፣ ሲጫኑት ንቅንቅ የማይል። አንዱ ለጥልቅ በረዶ የሚሆን፣ ሰፊ፤ ጠንካራ በረዶ ላይ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለማዘንበል ይዘገያል። ሦስተኛው አገጬ ጋ የሚደርስ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ግን መሐሉ ላይ ስጫነው እሺ ብሎ የሚጎብጥ ነው። ጠዋት ማረሻ፣ ከሰዓት በኋላ ዳገታማው ላይ አጫጭር መታጠፊያ፤ ሁለቱንም በአንድ ስኪ መሥራት ስላለብኝ የውድድሩንም ሰፊውንም ተውኩ። ቬንዴሊን የስኪውን ጠርዝ ሊያስሞርድ መጥቶ ነበርና «ይሄ እኮ የአያቶች ስኪ ነው» አለ። ኮርቢኒያን ቀና ሳይል «አያትህ ማረሻ ላይ አትወድቅም» አለው።

ከዚያ ማሰሪያውን ሊያስተካክል ክብደቴን ጠየቀኝ። ቁመቴን፣ የጫማዬን ርዝመት፣ ዕድሜዬን። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው ወይስ ፈጥኜ፣ እሱንም። ወደ ጫማዬ ጎንበስ ስል ሳቀ። «እዚህ ሸለቆ ውስጥ እውነቱን የነገረኝ ሰው የለም። ሴቱ ኪሎ ይቀንሳል፣ ወንዱ ፍጥነት ይጨምራል፤ ኋላ ጉልበታቸውን የሚያየው ሐኪሙ ነው» አለኝ። ሁሉንም እንዳለ ነገርኩት፤ ክብደቴን፣ ሃምሳ አንድ ዓመቴን፣ ቀስ ብዬ እንደምሄድ። ሃምሳ ያለፈው ሰው ማሰሪያው በሠንጠረዡ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ይላላል አሉ። ጫማዬን አስገብቶ በመለኪያው ሲጠመዝዘው ጠቅ ብሎ ተከፈተ። በመሣሪያ ተለክቶ ለእኔ ብቻ የተሠራ ነገር እግሬ ላይ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነበር። ይህን ስል ላምበርትን እየወቀስኩ አይደለም።

በፈተናው ቀን አንድ ጊዜ ወደቅሁ፤ ስኪው ለቀቀኝ፣ ተነሥቼ መልሼ ረግጬ አሰርኩት። ረጃጅም መታጠፊያ ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ነው ያገኘሁት፤ ዋልትራውድ «ፍጥነት ትፈሪያለሽ» ብላኛለች፤ እውነቷን ነው። ማረሻው ላይ ግን ቬንዴሊንን ጠርታ «ከኋላዋ ተከተልና ተማር» አለችው። እየሳቀ ተከተለኝ። አልፌያለሁ። የሕፃናቱ ክፍል የእኔ ነው።

ኖትቡርጋ የማታውቀው አንድ ነገር ቀረኝ።

ውጤቱ በተነገረበት ዕለት ማምሻውን ላምበርት ማረፊያ ቤቱ ደወለ። እንደሚያውቁት እንደ እሱ ያሉት ሌሎቹ የስኪ አስተማሪዎች የእኛ በረዶ ሲቀልጥ የኒውዚላንድን በረዶ ተከትለው ይሄዳሉ፤ ላሞቹ ከተራራ ከወረዱ ብዙም ሳይቆዩ ይመለሳሉ። እሱ ግን እዚያው ከቀረ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። አለፍኩ ልለው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። እርስዎ ጎተራ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ትንንሽ ቀይ ስኪዎች አሉ አይደል? እሱ ራሱ የተማረባቸው። እነሱ እንዲላኩለት ፈለገ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁትም። መሐል ላይ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ለሆነ ሰው «ቆይ፣ መጣሁ» አለ። በዚያ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ደግ ድምፅ ነበር።

ከዚያ ፈተናውን ሳልነግረው ደህና እደር አልኩት።

ትልልቆቹን ስኪዎች ጠርገው እንደሰጡኝ ጠርጌ፣ ሰም ቀብቼ፣ ሐሙስ በወተቱ መኪና እልክልዎታለሁ። ቦታቸው እርስዎ ዘንድ ነው። ትንንሾቹን ግን እንዳሉ አይላኳቸው። ማሰሪያቸው ቆዳ ነው፤ አስሮ መያዝ እንጂ መልቀቅ አያውቅም። በዚያው መኪና ወደ እኔ ይስደዱልኝ፤ ኮርቢኒያን አዲስ ማሰሪያ ይገጥምላቸዋል።

ለዚህ ደግሞ የሚያደርጋቸው ልጅ ክብደት፣ ቁመትና የጫማ ርዝመት ያስፈልጋል። ላምበርትን እኔ ብጠይቀው ያፍራል። እርስዎ ይጠይቁት፤ ለእናቱ አይዋሽም። ልጁ እንዴት እንደሚሄድ ግን አይጠይቁት፤ እሱን ለኮርቢኒያን እኔው እነግረዋለሁ። ጀማሪ ነው።

እሁድ እንደ ወትሮዬ እመጣለሁ። እስካሁንም ስመጣ የነበረው በእሱ ምክንያት ብቻ አልነበረም። እንጨቱን አይፍለጡ፤ እኔ እፈልጠዋለሁ።

ጣሪያዎ በረዶውን ይቻል፤ ላሞችዎ ይታለቡ፤ እግዚአብሔር ገና ያላዩትን ሁሉ በጤና ያሳይዎት።

አክባሪዎ፣
ልጅዎ