ሣጥን ያልገባችው ኳስ

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጨጓራህስ? አሁንም ቁርስ ሳትቀምስ እየሮጥክ ትወጣለህ? ወንዙ ዳር ያሉት የቼሪ ዛፎች ዘንድሮ ቶሎ አበቡ፣ ቶሎም ረገፉ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጎልፍ ሜዳው ምግብ ቤት ውስጥ ዛሬም ኑድል እቀቅላለሁ። አድራሻህን ስለማላውቅ ይህን ደብዳቤ እንግዳ መቀበያው ላይ ለምትሠራው ለቺዙ ሰጥቻታለሁ። አዲስ ናት፣ መልክህን አታውቅም። ኳሱን ከሌላው ለመለየት ሁለት ሰማያዊ ነጥብ የሚያደርግበት ሰው ከመጣ ስጪው ብያታለሁ።

ልጄ፣ አባትህ በጥር አረፈ። እናት ለልጇ መርዶ በወረቀት መንገር አልነበረባትም። ግን የስልክ ቁጥርህ የሌላ ሰው ሆኗል፤ አንዲት ሴት እያነሳች ተቆጣችኝ።

የአባትህን የልደት ቀን አትረሳውም። በመጀመሪያ ደመወዝህ የገዛህለትን ውድ ኳሶች ይዘህ ሜዳው ላይ መጣህ። እሱ ዕድሜ ልኩን የተጫወተው ሰው የጣላቸውን፣ ከሸምበቆና ከወንዝ ተለቅመው መግቢያው ላይ ባለው ቅርጫት የሚሸጡትን እየመረጠ ነው። ሁሉንም ከወጥ ቤቱ መስኮት አየሁ። ፀጉር አስተካካዩ ካጂታኒ ካርቶኑን ሲያይ አፏጨ። አባትህ ደግሞ «ዱላውን እንደ መጥረጊያ ለሚይዝ እንደኔ ላለ ሰው ርካሹም ውዱም ኳስ አንድ ነው» አለ። አንተ ግን «ልዩነት አላት፣ ስትነሳ እጅህ ላይ ይሰማሃል» ብለህ ተከራከርክ። እሱም አንዷን መታት፤ ወንዝ ገባች። «አያችሁ፣ የልጄ ደመወዝ ሰጠመ» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። አንተ የቀሩትን ኳሶች ሰብስበህ ሄድክ።

ነገሩ የኳስ እንዳልነበር ሦስታችንም እናውቃለን። የአባትህን ሥራ፣ ታታሚ የሚባለውን የገለባ ምንጣፍ መስፋት ትተህ ቢሮ ከገባህ ጀምሮ ሲያብጥ የከረመ ነው። ያን ቀን ፈረጠ።

ከዚያ ወዲህ አባትህ ስምህን አያነሳም ነበር። ያ የሠለጠነ እጁ ምንጣፍ ሲሰፋ በመርፌ ይወጋ ጀመር። እኔም ባላዋቂ ጭንቅላቴ አንድ ብልሃት ፈጠርኩ። ከቅርጫቱ አንዲት ኳስ አንስቼ በማርከር ያንተን ሁለት ሰማያዊ ነጥብ አደረግኩባትና መልሼ ጣልኳት። አገኛት። ቤት ይዟት መጥቶ ከመብራቱ ሥር አገላበጣትና «አንቺ ሴት፣ ልጅሽ ቆጣቢ ሆኗል» አለኝ። ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ።

እኔ እጥላለሁ፣ እሱ ያመጣል፤ በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቅማቸዋል። ልጃችን እዚሁ አካባቢ ይጫወታል እያልን እራት ላይ ስላንተ ማውራት ቻልን። ያ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ባለፈው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ጉልበቴ ያዘኝና ቤት ዋልኩ። አንድ ቀን አባትህ ከሜዳ ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመ።

«ይሄን ሳምንት ሥራ አልሄድሽም አይደል?»

አልሄድኩም አልኩት።

«ሰውም አልላክሽም?»

ማንን እልካለሁ? ምን ሆነሃል? አልኩት። ወጥ ቤት ገባና አንዲት ኳስ በሳሙና አጠበ፤ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወደ ሜዳው ይሄድ ጀመር፤ ዱላውን ሳይዝ። ጨዋታው የሚጀመርበት መምቻ ቦታ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ካጂታኒ እንኳ ሽማግሌው፣ ሣር ሊበቅልብህ ነው እያለ ቀለደበት። ብርዱ ሲጠና ተው ብዬ ለመንኩት። ሰው እጠብቃለሁ ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይወጣውም። አንድ ቀን ዝናብ ሲመታው ዋለና ሳንባው ታመመ። ሆስፒታል ሆኖ የነገረኝ የመጨረሻ ነገር ቆርቆሮው ውስጥ ከሁሉ በላይ ያለችውን ኳስ ሣጥኑ ውስጥ እንድከትለት ነው።

ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት አበባ ስናደርግለት ኳሷን ከእጁ ሥር ሸጎጥኳት። አስከሬን የሚያሰናዳው ኒሺዋኪ አይቶኝ አንገቱን ደፋ። ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ አስከሬኑ ሲቃጠል ኳስ እሳት ውስጥ ይፈነዳል፣ አይፈቀድም አለኝ። አውጥቶ ሊመልስልኝ ሲል ግን መዳፉ ላይ አቆያት። ለካ እሱም ይጫወታል።

«ባለቤትዎ በዚህች ነበር የሚጫወቱት? ይቺ እኮ የባለሙያ ናት። የእኛ ብጤው እንዳትጠፋበት ሲሳሳ መምታቱም ያቅተዋል።»

ተቀበልኳት። የእኔ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ነጥቤ ይፈስሳል። የእሷ ነጥቦች ጥርት ያሉ ነበሩ።

ቤት ገብቼ ቆርቆሮውን ዘረገፍኩ። የቀሩት ሁሉ ርካሾች፣ ሁሉም የእኔ። አንተ እንዲህ ያለ ኳስ ሞተህም እንደማትመታ እኔ አላሰብኩም። እሱ ግን ከመጀመሪያዋ ጀምሮ ያውቅ ነበር። አውቆ ይዞልኝ ይመጣ ነበር።

እንግዲህ መጥተህ ነበር። ጠፍታብህ ይሁን ሆን ብለህ ትተሃት አላውቅም። በወጥ ቤቱ መስኮት ፈልገህ አጥተኸኝ ይሆን? ከሜዳው እስከ ቤታችን የእግር መንገድ ነው፣ ልጄ። ልቤን የሰበረው ይህ ነው። አልተቀየምኩም ብልህ እዋሻለሁ፤ ግን ቂሜ ሩዝ እስኪበስል እንኳ አይቆይም።

የአባትና የልጁን ክርክር ለእኔ ቢተዉልኝ ላንተ እፈርድ ነበር። ኳሷ ለእሱ ምት ምንም አትፈይድለትም ነበር፤ ያው ወንዝ ነው የምትገባው። ግን ልጅህ መጥቶ ነበር ብላ የነገረችው እሷ ናት። የእኔዎቹ ይህን አልቻሉም።

አሁን ከአባትህ ፎቶ ፊት፣ በየማለዳው ለነፍሱ ከማኖርለት ሩዝ ጎን ተቀምጣለች።

ክፉ አይንካህ። ሰውነትህ ይበርታ፣ የያዝከው ይቅናህ፣ የምታድርበት ቤት ሙቀት አይጣ። በራችን እንደ ድሮው አይቆለፍም። መግባቱ ከከበደህ ግድ የለም፤ ስታልፍ ቅርጫቱ ውስጥ አንዲት ኳስ ጣልልኝ። በየቀኑ አያለሁ። ርካሽ እንዳትሆን ብቻ፤ አሁን እኔም እለያለሁ።

እናትህ