ወንድ የማይቀምሰው ሥጋ

የአበባ ወር 2

ሲዘንብ አደረ። ዜውስ ዘንድሮ እጁን ፈቷል፤ ገብሱ ደስ ይበለው። ሱፍ ስፈትል ዋልኩ። ዴክሲያስ ከአልጋው አልወረደም፣ ሳሉ ብሶበታል። የምስር ሾርባ ሰጠሁት፣ ሁለቴ ፉት ብሎ ተወው። ከዚያ ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣ "የአሬስ በዓል ደረሰ አይደል?" አለኝ።

ሞት ደጃፉ ላይ ቆሞ ባሌ ስለ ሥጋ ያስባል! ሳቅሁ። ጓዳ ገብቼ ደግሞ አለቀስኩ።

የአበባ ወር 6

የፈረደበትን ክርክር ዛሬም ጀመረ። የከተማችን የቴጌያ ወንዶች ተሸንፈው እናቶቻችን እስፓርታዎችን ያባረሩ ዕለት... ያን ጊዜ ነው ለጦር አምላኩ ለአሬስ የሚታረደው በሬ ሥጋ የሴት ብቻ የሆነው። ለወንድ አጥንቱም አይደርሰው። ዴክሲያስ ግን አይዋጥለትም።

"ስሚ እንጂ! እናቴ ጦር ይዛ ስትወጣ አራስ ልጅ ነበርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ጡት አላየሁም። የተራብኩት እኔ፣ የምትበሉት እናንተ!"

"አሬስን ጠይቀው።"

"አሬስ ጉልበት እንጂ ፍርድ መቼ ያውቃል? እኔ አቤት የምለው ለፍትሕ አምላኳ ለዲኬ ነው። እሷ ከአባቷ ከዜውስ ጎን ተቀምጣ ትሰማኛለች።"

ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ነን። ከበዓሉ ስመለስ በር ላይ ጠብቆ አፌን ያሸታል። "ጣዕሙ እንዴት ነበር?" "እንደ ማር ነው።" "አንቺ ጨካኝ!" ከዚያ እስኪበቃን እንስቃለን።

ዛሬ ግን አልሳቀም። እጄን ያዘና፣ "ቴሌሲፓ... አንዴ ብቀምሰው" አለ።

የአበባ ወር 15

ነገ ነው። ደብቄ ባመጣለትስ? አሬስ ጀርባውን ቢሰጠንስ? እስፓርታ እኮ ከተራራው ማዶ ነው... በአንድ ጉርሻ ከተማ ይፈርሳል? የመጨረሻ ምኞቱ ቢሆንስ?

የአበባ ወር 16

አደረግሁት።

የበዓሉ መሪ እማማ ሊሲላ እንደ ልማዳቸው ስማችንን እየጠሩ አደሉን። "ቴሌሲፓ!" "አለሁ!" ተቀበልኩ። ሥጋውን ጉያዬ ውስጥ ሸጎጥሁና ባዶ አፌን እያላመጥሁ ቆየሁ። ጎረቤቴ "ዛሬ ምነው ላብ ላብ አለሽ?" ብትለኝ እሳቱን አመካኘሁ።

ቤት ስደርስ "ቶሎ በል፣ ሰው ሳያይ" አልኩት። አሸተተው። ደጋግሞ አሸተተው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

"መልሺው።"

"አብደሃል? በስንት ጭንቅ ያመጣሁትን!"

"አውቃለሁ። ግን እማዬ ትቆጣለች። ጡት ነስታኝ ያተረፈችው ከተማ ነው፤ ለጉርሻ ብዬ አሬስን አላስከፋባትም።"

ወዲያው ያቺን የተንኮል ፈገግታውን አመጣ። "ደግሞ ጣዕሙን አውቀዋለሁ። እማዬ በልጅነቴ ነግራኛለች። ያረጀ በሬ፣ የጫማ ጠፍር ነው አለችኝ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሆነህ ትጠይቀኛለህ?"

"እንደ ማር ነው ስትዪኝ ደስ ይለኛል።"

አንተ ሰውዬ... አንተ ሰውዬ!

የአበባ ወር 17

ሥጋውን ይዤ እማማ ሊሲላ ቤት ሄድኩና አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከበዓሉ ያባርሩኛል ብዬ ነበር።

"ቀመሰ?" አሉ።

"አልቀመሰም። እንቢ አለ።"

ቁራጩን ለአሬስ ብለው እሳት ላይ ጣሉት። ሲጨስ እያዩ እንዲህ አሉ። "የጦርነቱ ዕለት ዴክሲያስን ማን ያዘው መሰለሽ? እኔ ነኝ፣ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። እናቱ ጭኔ ላይ ጥላው ሮጠች። ጣቴን ሲጠባ ዋለ፣ ምን ይወጣዋል? ልቅሶው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እውነቱን ነው ልጄ፣ ተርቧል።"

የገብስ አጨዳ ወር 4

ዴክሲያስ ሄደ። ጠዋት ነበር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ። እጄን እንደ ያዘ።

የገብስ አጨዳ ወር 20

ዛሬም ሾርባውን ለሁለት ሠራሁ።

የአበባ ወር 16

ዓመቱ ዞረ። መሄድ አልፈለግሁም ነበር። ስመለስ በር ላይ ማን ይጠብቀኛል? እማማ ሊሲላ ሰው ልከው አስጠሩኝ።

ሁላችንም ተጠርተን ስናበቃ አንድ ቁራጭ ተርፎ አየሁ። እማማ ሊሲላ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ዴክሲያስ!"

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ "ኧረ ወንድ እኮ ነው!" አለች።

"የዚያን ዕለት የተራበ ሕፃን ነበር። እናቱን ለእኛ ሰጥቶ ሲያለቅስ የዋለ። ይዤው ነበር፣ እኔ ነኝ ምስክሩ። ለዲኬ አቤት ሲል ኖሯል፤ ዛሬ ተፈርዶለታል። ሥጋው ከሴት አፍ አይወጣም፣ ሚስቱ ትበላለታለች። ቅር የሚላት አለች?"

እንደገና ጠሩት። "ዴክሲያስ!"

"አለ!" አልኩ።

ተቀበልኩና በላሁ። እንባዬም አብሮ ገባ። ባላምጥ፣ ባላምጥ አልደቅ አለኝ... እውነትም ጠፍር ነው፣ ዘንድሮ ደግሞ ባሰበት።

"እንዴት ነው?" አሉኝ እማማ ሊሲላ።

"እንደ ማር ነው" አልኩ።