የማሽናችን ብስኩት

እትዬ ጉዪላን፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ከድካም በቀር ደህና ነኝ።

እዚህ ዉሺ ከተማ፣ የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካችን ቀዝቅዟል። የማሽኑ መለዋወጫ ወደ ቻይና እንዳይላክ ተከለከለ፤ ፈረንጆቹ ጠጋኞችም ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። እኛ ነጩን ልብስ ለብሰን የቆመ ማሽን እንወለውላለን።

አለቃችን ሊያኦ፣ ታይዋን ሲሠራ እንደለመደው፣ ማሽኑ እንዳያምፅ ብሎ ማዘዣ ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ እሽግ ብስኩት ያስቀምጥ ነበር። የነካ ወዮለት! ትናንት ምሳ ላይ ራሱ አምጥቶ ቀደደው። «ብሉ እንጂ፣ ማንን ትፈራላችሁ?» አለን። ሳቅንና በላን።

ምግብ ቤቱም ሰልፍ የለውም፤ አሳ ይተርፋል። አሳ ስል ትዝ አለኝ፤ የአባባን የአሳ ኩሬ ለጎረቤት አከራየሽው እንዴ? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው። ካላከራየሽው ግን አትቸኩዪ።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ደጃችሁ ሰላም ይሁን።

ታናሽሽ ሼንግዩ