በኢሜይል የተላከ ካባ

ለተከበሩ አቶ ተስፋጽዮን፣
የማኅበራችን የምሩቃን ሽልማት ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
አትላንታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በሊቶኒያና በአካባቢዋ ለሚኖር ሕዝብ ሁሉ በታላቅ አክብሮት የማስታውቀው፣ የቤታችን የጋራዥ በር ከማክሰኞ ጀምሮ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱን ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። የእርስዎ ጤንነት ግን እንደ በሩ እንዳይሆን፣ ደም ግፊትዎ እንዲወርድ፣ ወገብዎ እንዲበረታ፣ የሊቀ መንበርነት ወንበርዎም ከነተሽከርካሪ እግሩ እንዲሰነብትልዎ እመኛለሁ።

የምጽፍልዎ ስለ ልጅ ልጄ ስለ ሀሌሉያ ነው። ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ቢሮ ውስጥ የምትሠራዋን ያውቋታል፤ በየዓመቱ የግብር ቅጽዎን ስትሞላልዎ ኖራለችና። ለኤም ቢ ኤ ሁለት ትምህርት ቤቶች ተቀብለዋት ነበር። አንደኛው ስሙ ሲጠራ እናንተ ከመቀመጫችሁ የምትነሡለት ነው። ሌላው በኦንላይን የሚያስተምር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ክፍያው እኛን የመሰለ ሰው የሚችለው ነው። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም፤ ትልቁ ትምህርት ቤት ከትልልቅ ሰዎች እንደሚያስተዋውቅ፣ ሥራ ሲፈለግም ስሙ ብቻውን በር እንደሚያስከፍት አሳምራ ታውቃለች። ነገር ግን ለዚያ ሥራዋን መልቀቅና እስከ እርጅና የሚከተል ብድር መፈረም ነበረባት፤ እናቷም ያኔ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና ተኝታ ነበር። አመዛዝና ኦንላይኑን መረጠች፤ ሥራ ውላ፣ እናቷን አስታማ፣ የኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተምራ ጨረሰች።

በማኅበራችን ልማድ የዓመቱ ምሩቃን መድረክ ላይ ይጠራሉ፣ ሽማግሌ ይመርቃቸዋል፣ ካባ ይደረብላቸዋል። እኛም ባለፈው እሑድ አምሮብን ሄደን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ስም ተጠርቶ አለቀ፤ የእሷ የለም። ተነሥቼ ብጠይቅዎ፣ በማይክራፎኑ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፣ «አባባ፣ የእሷ እኮ ኦንላይን ነው» አሉኝ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ኮሚቴዎ ኦንላይን የተማረ ካባ አይገባውም ብሎ የወሰነው በዙም ተሰብስቦ መሆኑን ሰምቼ ተደንቄአለሁ። እርስዎም ፒችትሪ ኮርነርስ ያለው መሥሪያ ቤትዎ ሳይሄዱ፣ ሳሎንዎ ውስጥ በካልሲ ሲሠሩ እንደሚውሉ ባለቤትዎ ወይዘሮ ዘውድነሽ በኩራት አጫውተውናል። በወረርሽኙ ጊዜ ታላቅ ወንድምዎ ሲያርፉም ሁላችን ለቅሶ የደረስነው በስክሪን ነበር። ያ ለቅሶ ካልተቆጠረ ይንገሩንና መጥተን በአካል እናልቅስ።

ሁለተኛ፣ ለእሷ ያልተገኘውን ካባ የለበሰው ኢሳያስ የተባለ ጨዋ ልጅ ነው። ኢሳያስ ከትልቁ ትምህርት ቤት አልተመረቀም፤ ገና ተቀብለውት ነሐሴ ላይ ሊጀምር ነው። ልጁ ራሱ አፍሮ ወደ ኋላ ሲል፣ እርስዎ ትከሻውን ይዘው ደረቡለት። በዚህ አያያዝ ከርሞ ማመልከቻ ለሞላ ሁሉ እንዲበቃዎት ካባ ከወዲሁ ያሰፉ።

ሦስተኛ፣ ሰኞ ጠዋት ለሀሌሉያ በኢሜይል የካባ ፎቶ ልካችሁላታል፤ ትምህርቱ በኦንላይን ስለሆነ ሽልማቱም በኦንላይን ይሁን ብላችሁ። ስላሰባችሁልን እግዜር ይስጥልን። ፕሪንት አድርገን ሞከርነው፤ አንድ ትከሻ እንኳ አይሸፍንም።

ደግሞ እንዳይጨነቁ፣ ልጅቷ አልተከፋችም። የዚያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ በእርስዎ ንግግር እስከ ሊቶኒያ ድረስ መኪና ውስጥ ስትስቅ ነበር።

ብቻ ማክሰኞ ዲፕሎማዋን ከሳሎን ግድግዳ አውርዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። አሁን ለዚያው ለትልቁ ትምህርት ቤት ማመልከቻ እየሞላች ነው፤ ሥራዋን ለቃ፣ ብድሩን ፈርማ፣ የጨረሰችውን ኤም ቢ ኤ እንደገና ልትማር። ዲግሪው አለሽ አይደለም ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ «አባባ፣ ያ እኮ አይቆጠርም» አለችኝ። ይህን ከየትኛውም ትምህርት ቤት አልተማረችውም፤ ከእርስዎ ነው።

ማመልከቻው የሚላከው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት፣ በመጪው እሑድ ስብሰባ፣ ስሟን በዚያው ማይክራፎን እንዲጠሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ካባ ካለቀባችሁ አትቸገሩ፤ አምና ሽማግሌ ነው ብላችሁ የደረባችሁልኝን ይዤ እመጣለሁ። የት ትምህርት ቤት እንዳረጀሁ ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀኝም።

ካልሲዎ ሳይቀዘቅዝ፣ ኢንተርኔትዎ ሳይቋረጥ ያኑርዎ እያልኩ፣ ከነጋራዥ በሬ እጅ የምነሣ፣

የሀሌሉያ አያት አምባቸው፣ ሊቶኒያ

ተጨማሪ፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ነገር ፈጥሬአለሁ። የጋራዡ በር እውነት ነው፤ ካልሲውም እውነት ነው። ሀሌሉያ መኪና ውስጥ ሳቀች ያልኩት ግን ውሸት ነው። አልሳቀችም፤ እስከ ሊቶኒያ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ነዳች። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ብቻ ዞር ብላ እጆቼን ይዛ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ለካ አዳራሹ ውስጥ ስሟ ሲጠራ ለማጨብጨብ እንዳነሣኋቸው ቀርተው ኖሯል።