ቤተሰብ፦ አንድ ሰው

ሰኞ፣ መስከረም 12፤ ረፋድ

የመቂው ሽንኩርት ዛሬም እርጥብ ነው የመጣው። ደላላው በስልክ ይምላል፣ በልጆቹ ይምላል። ጆንያውን ስፈታው ግን ውሃው ጠብ ጠብ። ሌላ ቀን ቢሆን ደውዬ ልክ ልኩን ነበር የምነግረው። ተውኩት። ዛሬ ማንንም አልሰድብም፣ ደብተሬ። እስፔን ሂያጅ ነኝ።

ሌሊሴ ትናንት ማታ ደወለች። ኅዳር መጨረሻ እስፔን፣ ትልቁ ማራቶን ላይ ትሮጣለች። ከኋላ ከሚንጋጋው ሕዝብ ጋር እንዳይመስልሽ። ከፊት፣ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፎ። አዘጋጆቹ ከሯጯ ጋር የአንድ ሰው ትኬትና መኝታ ይችላሉ። "እማ፣ ቤተሰብ አንድ ሰው ይፈቀዳል፣ እና እኔ..." ስትል እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ወጣ፣ ከዚያ አብሮኝ እልል አለ። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለች እንጃ። ኔትዎርኩም ተቆራረጠ።

አንቺ አዲስ ደብተር ስለሆንሽ ላስረዳሽ። ሌሊሴን የወለደቻት ታላቅ እህቴ አየለች ናት፣ አርሲ ነገሌ። መንታ ስትወልድ እጅ አጠራትና ሌሊሴን ለክረምቱ ብቻ ብዬ ወደ አዳማ ይዣት መጣሁ። ሦስት ዓመቷ ነበር። ክረምቱ እስከ ዛሬ አላለቀም። እኔን እማ ትለኛለች። እናቷን እቴቴ። እኔ ታላቄን እቴቴ ስል ከአፌ ሰምታ ነው። ማንም አላረማትም። እኔማ ለምን ብዬ አርማታለሁ?

ረቡዕ፣ መስከረም 14

በጀት። ይቺን ቃል ከ12ኛ ክፍል ወዲህ በእጄ ጽፌያት አላውቅም። ደስ ስትል። ትኬትና መኝታ በነሱ። በእኔ፦ ቪዛ፣ ኢንሹራንስ፣ ካፖርት (ኅዳር እዚያ ብርድ ነው አሉ)፣ የኪስ፣ ስመለስ ለሰው የምይዘው። ባዶ እጄን ብመለስ ሰፈሩ አያስገባኝም። መደቤ ተዘግቶ የሚቀርብኝም አለ፣ እሱን ግን አልጻፍኩም፣ ደስታዬን ያበላሽብኛል።

የዚህን ዙር ዕቁብ የምትወስደው ሐዋ ነበረች፣ አጠገቤ ቲማቲም የምትሸጠዋ። ለምኛት ተቀያየርን። ጥር ላይ ልጇን ስትድር የእኔን ዕጣ ትወስዳለች። እሺ ለማለት ግማሽ ቀን አሾፈችብኝ። እስፔንም ሄደሽ ዋጋ ቀንሱ ስትዪ ፖሊስ ይጠሩብሻል አለች። ሽንኩርታቸውን ጨብጠሽ ሳታዪ እንደማትመጪ አውቃለሁ አለች። እውነቷን ነው፣ አያለሁ።

ከሰዓት ጉዞ ወኪሉ ቢሮ። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ እርስዎ እያለ ነው የሚያናግረኝ። ፓስፖርቴን ሰጠሁት። አምና ነው ያሳደስኩት፣ አንድ ቀን ትወስደኛለች ብዬ። ዝምድና ብሎ ጠየቀ። እናት አልኩት። የልደት ካርዷን ያሳዩኝ አለኝ። እሱ ላይ ያለው የአየለች ስም ነው። ያሳደግኳት እኔ ነኝ አልኩት፣ ከዚያ ጠቅላላ ታሪኩን ነገርኩት፣ ኩፍኙን፣ የመጀመሪያ ጫማዋን፣ ሁሉን። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ያሳደገች የሚል ቦታ ፎርሙ ላይ የለም፣ እትዬ፣ አለኝ። ችግር የለውም፣ አክስትም ይሄዳል፣ ብቻ የግብዣ ደብዳቤው በስምዎ ይምጣ።

አክስት ብሎ ጻፈው። እያየሁት። ይሁን። ለወረቀት ነው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ካፖርት ገዛሁ፣ ሰልባጅ ነው ግን አዲስ ይመስላል፣ አንገቱ ጠጉር አለው። እዚህ ሙቀት መሀል ለብሼው መደብ ላይ ቆምኩ። ገበያው ሳቀ። ሐዋ ስሜን ትታ "እስፔኔ" ትለኛለች። አንድ ባለባጃጅ ማዘር በረዶ ይዘው መጡ እንዴ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ፣ ላብ በላብ ሆኜ።

ደብዳቤው ግን አልመጣም። ሌሊሴ ልምምድ ላይ ናት፣ አ.አ. ዳር። ስደውል ቶሎ አታነሳም። ካነሳችም አጭር ነው። ድካም ነው። ከውድድር በፊት ሁሌም እንደዚህ ናት፣ ከማን ነው የምማረው፣ እኔ አይደለሁ የማውቃት።

ዓርብ፣ መስከረም 23፤ 5 ሰዓት

ደብዳቤው በቴሌግራም መጣ። ላኪው የሌሊሴ ማናጀር ነው። ወኪሉ አነበበልኝ። ሌላ ነገር አነበበ፣ አነበበ፣ ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። ስም፦ አየለች። ዝምድና፦ እናት።

ስህተት ነው አልኩት። ማናጀሩ የልደት ካርድ አይቶ ሞልቶት ነው። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀና እባክዎ ይደውሉላት አለ። እዚያው ቢሮው ውስጥ ደወልኩ።

ስህተት አይደለም።

የመጀመሪያ ቀን ልነግርሽ ነበር አላስጨረስሽኝም አለች። እልልታሽን ሰምቼ ከዚያ በኋላ አፌን መክፈት አቃተኝ አለች። ከዚያ ያለችውን እንዳለችው ልጻፈው፣ ቃሉ እንዳይጠፋኝ፦ "እማ፣ አንቺ ሁሉንም አይተሻል። እቴቴ ስሮጥ አንድም ቀን አይታኝ አታውቅም።"

እውነት ነው። ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ውሸት ቢሆን መልስ አለኝ። ደህና አልኳትና ዘጋሁ። ወኪሉ ውሃ ሰጠኝ። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እግሩን ያያል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

በራሴ እሄዳለሁ። ማን ይከለክለኛል? መንገድ ዳር ቆሞ ማየት ክፍያ የለውም።

በጀት፣ እንደገና። ትኬቱ ብቻ ዕቁቡን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። መኝታ ሲጨመር የመቂው ሽንኩርት መግዣ አለቀ ማለት ነው። ጥር ላይ ሐዋ ዕጣዋን ስትጠብቅ እኔ ባዶ መደብ ላይ ተቀምጬ ስለ እስፔን ሳወራላት።

ጉዞ ወኪሉ ደግሞ ሌላ አመጣ። ባንክ ደብተርዎ ላይ የሚንቀሳቀስ ገንዘብ የለም አለ። የለም አዎ፣ ገንዘቤ ጆንያ ውስጥ ነው፣ ዛሬ ገብቶ ነገ ወደ መቂ የሚሄድ። ኤምባሲ ጆንያ አይቆጥርም። ለአንድ ሯጭ ሁለት እህትማማቾች በአንድ ሳምንት ስናመለክትም አይወዱትም፣ የሁለታችሁንም ሊያበላሽ ይችላል አለ። የአየለችንም ማለቱ ነው።

ያን ሲል ለአፍታ ደስ አለኝ። ለማንም አልናገርም፣ ላንቺ ብቻ። የሁለታችንም ይበላሽ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ፎርሙን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ካፖርቱን ሐዋ አጠፈችልኝ። ዛሬ አልቀለደችም። እሷ ስትቀልድ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ መስከረም 28

አርሲ ነገሌ ደርሼ መጣሁ። እንኳን ደስ አለሽ ልል ነው ብዬ ነበር ሚኒባስ የገባሁት። ከመቂ እስከ ባቱ ግን የማወራው ሁሉ ልመና ሆነ። አስተውዪልኝ፣ አንቺ የታመምሽ ሴት ነሽ፣ አውሮፕላን ይከብድሻል፣ እንደዚህ እያልኩ በሆዴ። ሂሳብ ተቀባዩ ማዘር ምን አሉኝ አለ። ለካ ድምፅ አውጥቻለሁ።

እህል ተራ ነው ያገኘኋት፣ ስንዴ ስታስመዝን። አቅፋ ሳመችኝ። ወሬው ሲነሳ አንገቷን ደፋች። ማል ጎና፣ ምን ላድርግ፣ ልጅቷ ናት ያለችው፣ እኔ ምን አውቄ፣ አንቺ ሂጂልኝ፣ እኔ ሰማይ ላይ እፈራለሁ አለች። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፣ ሰው መጣና ሚዛኑ ተጀመረ።

ቤት ገባን። ነጠላ ላቀብልሽ ብላ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት በላስቲክ የተጠቀለለ ፓስፖርት አየሁ። አወጣሁት። አዲስ። ነሐሴ ላይ የተሰጠ።

ነሐሴ። እኔ እልል ያልኩት መስከረም።

ምንድነው ይሄ፣ እቴቴ፣ አልኳት። ፓስፖርቱን ከእጄ ወስዳ መልሳ በላስቲኩ ጠቀለለችው። ከዚያ፦

"አፍሽን ፈርተን ነው። አንቺ መናገር ከጀመርሽ ማን መሀል ይገባል?"

የመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። ክረምቱን አነሳሁ፣ መንታዎቹን አነሳሁ፣ እጅ ያጠራትን ቀን አነሳሁ። ማንሳት ያልነበረብኝን። ሰማችኝ። ስጨርስ ለዓመታት ስለ ልጄ ሩጫ ካንቺ አፍ ነው የምሰማው አለች። አንቺ ስትነግሪኝ ያየሁት ይመስለኛል፣ ማታ ስተኛ ግን አላየሁም።

ሁለታችንም አላለቀስንም። ምሳ አቀረበች፣ በላሁ። ልመለስ ስል እየፈራች ጠየቀችኝ፦ ለቪዛው አሻራ አ.አ. ተጠርታለች፣ ብቻዋን አታውቀውም። ልጇ እማ ትውሰድሽ ብላታለች። ልጇ አልኩ፣ እዪው፣ ብዕሬም ተማረ።

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ከእሺ ሌላ ያለው ቃል እህትማማች የሚያለያይ ስለሆነ ይሆናል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፤ ማታ 1 ሰዓት

ከአ.አ. ገባን። ደክማ ተኝታለች፣ ሌሊሴ ታድርበት በነበረው አልጋ።

ቪዛ ቢሮው በር ላይ ሰልፍ። አየለች ክንዴን ይዛ አትለቅም፣ ገበያ እንደመጣ ሕፃን። ጥበቃው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው አለ። እሷ ማናት ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። አክስት ልል ነበር፣ ፎርሙ እንዳስተማረኝ። አየለች ቀደመችኝ።

"የልጄ እናት ናት።"

ጥበቃው ግራ ገባው። እና አንቺስ አላት። "እኔም" አለችው። ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፣ ቢሆንም እኔን አላስገባም። ቀጠሮው የአንድ ሰው ነው።

ደስ አለሽ ትዪኝ ይሆናል። አላለኝም። ይቺ ቃል ድሮ ብትመጣ፣ ሌሊሴ ትኩሳት ይዟት ሐኪም ቤት የልጅቷ እናት የት አለች ሲሉኝ ብትመጣ፣ ወርቅ ነበረች። ዛሬ ሰልፍ ላይ ለጥበቃ ተነገረች። ከመንገዱ ማዶ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። ስትወጣ ጣቶቿን እያየች ነው፣ ማሽኑ አሻራዋን ሦስቴ እንቢ ብሎ ነበር፣ ስንዴ ሲታፈስ የኖረበት እጅ ነው፣ አልቋል። ባይነሳላትስ ብዬ አላሰብኩም አልልሽም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፤ ጠዋት

አየለችን መናኸሪያ ሸኝቼ አሁን ገባሁ። መደብ አልከፈትኩም ገና።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እዚያ ስደርስ የት ነው የምቆመው፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ አለችኝ።

አውቃለሁ። ለማንም ጽፌው አላውቅም፣ አሁን ልጻፈው። ሌሊሴ የምትሰበረው መጨረሻው ላይ አይደለም። ከመጨረሻው በፊት ነው፣ አጨብጫቢው ሳስቶ መንገዱ ጭር የሚልበት ቦታ። እኔ እዚያ ነው የምቆመው። ት/ቤት እያለች እዚሁ አዳማ፣ ከዚያ አሰላ፣ ከዚያ ሐዋሳ። አላጨበጭብም፣ አልጮህም፣ ይሄ ሁሉ አፍ እያለኝ። ስትደርስ አንዴ "ሌሊ" እላለሁ። አንገቷን ታዞርና ታየኛለች፣ ከዚያ እግሯ ይቀየራል። አሰልጣኟ አንገት ማዞሩን ይጠላዋል። እኛ ለማንም አልነገርንም።

አየለችን መጨረሻው ጋ ቁሚ አልኳት። ወንበር አለ፣ ባንዲራ አለ፣ ስትገባ ታያታለሽ። ደስ አላት። ጉንጬን ሳመች። ሚኒባሱ ሞላና ሄደ።

ያን ቦታ አልሰጥም። ትኬቱን ይውሰዱ፣ ወረቀቱን ይውሰዱ፣ እናት የሚለውንም። ያን አልሰጥም።

ግን ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አንድ ነገር መጣብኝ። ልጅቷ ለምዳዋለች። እዚያ ጭር ያለው ጋ ስትደርስ ሳታውቀው ትፈልገኛለች። ታዞራለች፣ ማንም የለም። ያኔ ነው የምትሰበረው፣ በእኔ ምክንያት።

እሑድ ዕረፍቷ ነው። እደውልላታለሁ። ኩርፊያ የለም፣ ወቀሳ የለም፣ አሳጥሬ። እቴቴ መጨረሻው ላይ ትጠብቅሻለች እላታለሁ። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ የሚቆም የለም። አንገትሽን አታዙሪ። ፊት ፊትሽን እያየሽ ሩጪ።