የማማ ሴናሚ የመጀመሪያ ገዢ

ሰኞ፣ ኦገስት 4

እኔ ሲሚሶላ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ጤናማ አእምሮ እያለኝ እናዘዛለሁ፦ ዛሬ አንድ ሳፋ አልገዛሁም።

ከሌጎስ ድንበር ተሻግረን ወደ ኮቶኑ የመጣነው አክስቴ ኢቢዱን ጨርቅ እንድትገዛ ነው። እሷ ስትከራከር እንኳን ነጋዴው ጨርቁም ያልበዋል። እኔ ዳንቶክፓ ገበያን ሳካልል ዋልኩ።

ጠዋት የመጀመሪያው ሰው ዋጋ አስቀንሶ ሳይገዛ ከሄደ የሻጩ ቀን ይበላሻል ይላሉ። ትልልቅ ሰዎች የማያምኑት ነገር አለ? እስኪ ልየው አልኩ። ሳፋ ሻጯ ማማ ሴናሚ ዕቃዋን ገና እየደረደረች ነበር። ወገቤን ይዤ፣ በአክስቴ ድምፅ፣ "ይቺን? ለዚች?" እያልኩ ዋጋውን በግማሽ አወረድኩት።

"እሺ ልጄ፣ ውሰጂው። ገበያዬን ክፈቺልኝ።"

"አይ፣ እንዲሁ ነው የጠየቅኩት።"

ሳፋውን አንስታ ወደ ቦታው መለሰችው። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ማታ ስናልፍ ሳፋዎቹ እንዳሉ ናቸው... ግን ዘንቦ ነበር። ዝናቡ ነው። ዝናቡ ነው አይደል?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5

በዚያ በኩል አላለፍኩም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6

ማልጄ ሄድኩ፣ ልገዛ። ማማ ሴናሚ ከሩቅ መዳፏን አነሳች።

"አንቺ እግረ ደረቅ፣ እዚያው ቁሚ። ሌላ ሰው ይክፈትልኝ።"

"ይቺ ጭራሮ ምን አድርጋሽ ነው?" አለች ጎረቤቷ፣ ቲማቲም ሻጯ።

"ሰኞ ለሞተር የምከፍለው አጥቼ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክሜ በዝናብ በእግሬ ገባሁ።"

በእግሯ... እኔ ያን ጊዜ አሳ እየበላሁ አብረውን ለመጡት የአክስቴ ልጆች እንዴት እንደተከራከርኩ አሳያቸው ነበር። በሳቅ ሞቱ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 7

ከእሷም ቀደምኩ። ስትመጣ ሸክሟን አወረድኩላት።

"ማማ፣ ያልሽውን እከፍላለሁ።"

"አፍሽ ያስችለዋል?"

"አላውቅም።"

ልትስቅ ነበር፣ ተወችው። ዋጋ ጠራች። ያለ ርኅራኄ። ምላሴን ነክሼ ከፈልኩ። የሰጠኋትን ገንዘብ፣ ዕድሉ እንዲጋባባቸው፣ እያንዳንዱ ሳፋ ላይ አሻሸችው፣ ከትልቁ እስከ ትንሹ፣ ለራሷ የሆነ ነገር እያለች። ወዲያው አንዲት ሴት ቆመች። "ይሄ ስንት ነው?" ሌላም መጣች... መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ሳፋዬን እንደ ሕፃን አቅፌ ሲሸጥላት አያለሁ።

ከኋላዬ አክስቴ፦

"ስንት ገዛሽው?"

ነገርኳት።

"ሳትከራከሪ? የእኔ እህት ልጅ?"

ማማ ሴናሚ እየሸጠች ነው፤ ሳፋዬን አጥብቄ አቀፍኩት።

"ሲሚሶላ።"