ቀዩ ቀለም ጨርቅሽን ወደደው

ዳርሚዬ፣ እልል በይ! ስምንት ወር ሙሉ በሰም የሣልሽበት ባቲክ ጨርቅሽ የላሴም ከተማን ቀይ ቀለም ጠጣ! እኛ የሶሎ ሰዎች ቡናማችንን ይዘን ቀረን እንጂ እንዲህ ያለ ቀይ የት አባታችን አይተን? ልክ የበሰለ ሚጥሚጣ!

መጀመሪያማ ጉድ ሆኜልሽ ነበር። ሁለቴ ተነክሮ ሁለቴም ፈዞ ወጣ። ሰምሽ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ሦስተኛው ካልያዘ ልፋትሽ ገደል ገባ ማለት ነው። ነካሪዋ እማማ ሊያን ገላመጡኝና፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ምን አፍሽን ዘግተሽ ትቆሚያለሽ? ቀይ ውሸት ካልሰማ አይዝም! አያቴም እየዋሸች ነው የነከረችው" አሉኝ።

"እኔ እኮ ውሸት አልችልም፣ እማማ።"

"ጎሽ፣ ጀመርሽው! ቀጥይ!"

ምን ላድርግ? "ባል በቃኝ ያለችው ጓደኛዬ ዳርሚ የፔካሎንጋኑን የሰማያዊ ቀለም ነካሪ፣ ያንን ሚስቱ የሞተችበትን፣ ልታገባ ነው" አልኩ። ሠራተኞቹ ጆሯቸውን ሲያቆሙ እኔም ሞቀኝና ለሠርጉ በወሬ ሦስት ጎሽ አረድኩ። ጨርቁ ቀልቶ ሲወጣ ሁላችንም ጮኽን!

እንደ አያቶቻችን ጊዜ አንድ ጨርቅ ሦስት ከተማ ዞሮ ሲያልቅ ልናይ ነው፤ የቀረው የፔካሎንጋን ሰማያዊና የኛ ቡናማ ነው።

ወረቀቱ አለቀብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ለሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሰላም በይልኝ። ለካ ከእማማ ሊያን ሠራተኞች አንዷ የዚያ የፔካሎንጋኑ ነካሪ የእህት ልጅ ናት፣ ወዲያው ደውላለት "ፎቶዋን ታምጣልኝ" ብሏል። ነገ ወደሱ እሄዳለሁ፤ መልስሽን አልጠብቅም!

ያንቺው ሱርቲናህ